ስድስት ወር በቪዲዮ፦ የልጄን ኮሌስትሮል ስላወረደልን የሥነ ምግብ ክትትል

የ15 ዓመቱ ልጄ ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ለስፖርት ቡድን የጤና ማረጋገጫ ሲጠየቅ ሐኪሙ «እግረ መንገዳችንን ደሙንም እንየው» አለ። ልጁ ቀጭን ነው። ይሮጣል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ጉንፋን እንኳ እምብዛም አይዘውም። ውጤቱ ሲመጣ የሌላ ሰው መስሎኝ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ደግሜ አየሁ። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 228። መጥፎው የሚባለው ኤልዲኤል 152። ጥሩው፣ ኤችዲኤል፣ 51። ሌላው የደም ስብ ዓይነት፣ ትራይግሊሰራይድ፣ 125።

አባቴን የልብ ሕመም ድንገት የወሰደው በ51 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ያን ወረቀት ይዤ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ ክፍሉ ውስጥ ተኝቷል፤ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ቁጥሮቹን አያለሁ።

ዛሬ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለተጠቀምንበት አገልግሎት ነው። በቪዲዮ የሚሰጥ የሥነ ምግብ ባለሙያ ክትትል ነው። ስድስት ወር ይፈጃል፤ ስምንት ቀጠሮ አለው። የመጀመሪያው 50 ደቂቃ ነው፣ የቀሩት ሃያ አምስት ሃያ አምስት ደቂቃ። በመሃል ልጁ የሚበላውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ ጥያቄም በጽሑፍ ይጠይቃል። የድርጅቱን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ አገልግሎት አሁን በየቦታው አለ። ምን ዓይነቱን መምረጥ፣ ምን ዓይነቱን መተው እንዳለባችሁ ብነግራችሁ ይሻላል።

መጀመሪያ ግን ስለ ቁጥሮቹ። የልጆችና የታዳጊዎች መለኪያ ከአዋቂ ይለያል፤ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ኤልዲኤል ከ110 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ110 እስከ 129 ድንበር ላይ ነው ይባላል። 130 ከደረሰ ከፍተኛ ነው። ጠቅላላው ከ170 በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ 200 ሲሞላ ከፍተኛ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። ላቦራቶሪያችሁ የኮሌስትሮሉን መጠን በሚሊሞል የሚጽፍ ከሆነ ቁጥሩን በ38.67 አባዙት።

ወደዚህ አገልግሎት ከመምጣታችን በፊት ሌላ ቦታ ሞክረን ነበር። እዚያ የተሰጠን ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። ርዕሱ «የተከለከሉ ምግቦች» ይላል። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ፣ ዘይት፣ ለውዝ ሳይቀር ተዘርዝሯል። የሚበላው ምን እንደሆነ ግን አንድም መስመር የለም። ባለሙያው ሲናገር የሚያየው እኔን ነው። ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ዕቃ ተወራበት። ስንወጣ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተና «እሺ አባዬ፣ ምን ልብላ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዘጠኝ ቀን ነጭ ሩዝ፣ ዳቦና ጭማቂ ብቻ በላ ማለት ይቻላል። ሁለት ኪሎ ቀነሰ። ያ ትክክል አልነበረም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ስብ ያስፈልገዋል። ስቡን በሙሉ አውጥቶ በነጭ ዱቄትና በስኳር መተካት ደግሞ ትራይግሊሰራይድን ይጨምራል እንጂ አያድንም። ለውዝን መከልከሉማ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው፤ ለውዝ ኤልዲኤልን ለመቀነስ ከሚረዱት ምግቦች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ጥሩው ልምጣ። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ረጅም መጠይቅ ላኩልን። ሁለቱ ጥያቄዎች ገርመውኛል። አንደኛው፣ በቤተሰብ ውስጥ የልብ ሕመም የያዘው ሰው ካለ በስንት ዓመቱ እንደያዘው ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ልጁ ለብጉር የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ይጠይቃል። ለከባድ ብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይን የደም ስብን ሊጨምር እንደሚችል ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ልጄ አይወስድም። ግን ስንት ወላጅ ይህን ሳያውቅ ልጁን ከምግብ ጋር ያጣላ ይሆን?

ባለሙያዋ ገና ስለ ምግብ ሳታወራ ወደ ሐኪማችን መለሰችን። የታይሮይድና የኩላሊት ምርመራ እንዲደረግ ጠየቀች፤ ሁለቱም ኮሌስትሮልን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። የደም ምርመራውም ይደገም አለች፤ በአንድ ውጤት አይወሰንም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይተን ደገምነው። ኤልዲኤሉ 154 ሆነ። ታይሮይዱም ኩላሊቱም ደህና ነበሩ። ከዚያ «አባቱም እናቱም ይመርመሩ» አለች። የባለቤቴ መልካም ነው። የእኔ ኤልዲኤል 171 ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ ተመርምሬ አላውቅም ነበር።

በቤተሰብ የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል የሚባል አለ። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ ይኖርበታል፤ አብዛኛው አያውቀውም። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም እየለቀመ የሚያስወግድበት ተቀባይ አለው፤ በዚህ ሕመም ያ ተቀባይ ከልደት ጀምሮ ይጎድላል ወይም በደንብ አይሠራም። ወላጅ ካለበት ልጁ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ልጄ ባዮሎጂ ስለሚወድ ማታውኑ ሲያነብ አመሸ። «አባዬ፣ ተቀባዩን ያገኙት ሁለት ሰዎች የኖቤል ሽልማት ወስደዋል» ብሎ ነገረኝ። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1985። ሐኪማችን የኛን አይቶ «ዝንባሌው በቤተሰባችሁ አለ፤ ቁጥሩ ግን በምግብ የሚሞከር ነው» አለ። ታዳጊ ላይ መድኃኒት የሚታሰበው ባብዛኛው ስድስት ወር በምግብ ተሞክሮ ኤልዲኤሉ ከ190 አልወርድ ሲል ነው። የቤተሰብ ታሪክ ካለ ደግሞ ከ160 ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። እኛ ከዚያ በታች ነበርን። ይህን ስሰማ ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ትንሽ ቀለል አለልኝ።

የመጀመሪያውን የቪዲዮ ቀጠሮ አልረሳውም። ባለሙያዋ ሰላምታ ከሰጠችን በኋላ እኔን «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለሃያ ደቂቃ ከካሜራው ራቅ ይበሉልኝ፤ ከሱ ጋር ላውራ» አለችኝ። ቅር አለኝ። ወንበሬን ስቤ ግድግዳው ጋ ተቀመጥኩ። ልጄ «ዶክተር» ብሎ ሲጠራት «ዶክተር አይደለሁም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ አንቺ በለኝ» አለችው። ከዚያ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «በምንም ምክንያት የማትተወው ምግብ ምንድን ነው?» የሚል ነበር።

ልጄ ዝም አለ። ወጥመድ የመሰለው ይመስለኛል። ቆይቶ «አርብ አርብ ከጨዋታ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ፒዛ እንበላለን» አላት።

«እሺ፣ አትንካው። በቀሩት ስድስት ቀናት ላይ እንሥራ።»

ፊቱ ሲፈታ ከግድግዳው ሥር አየሁት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያላየሁትን ፊት ነው ያየሁት። በዚያች ደቂቃ ነው ይህ አገልግሎት እንደሚሠራ ያወቅኩት። የ15 ዓመት ልጅ ምን እንደሚበላ የሚወስነው ወላጁ አይደለም። ትምህርት ቤት ነው የሚውለው፤ የኪስ ገንዘብ አለው፤ ጓደኛ አለው። እሱ ራሱ ካልተስማማ ቤት ውስጥ የምንሠራው ሁሉ በር ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ቀጠሮ ስለ ስብ ነበር። ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ላይ አተኮረች፤ በክፍል ሙቀት የሚረጋው ዓይነት ማለት ነው። ምግብ ውስጥ ኤልዲኤልን ከሚጨምሩት ነገሮች ዋናው እሱ ነው። ለኤልዲኤሉ ከፍተኛ ለሆነ ልጅ ከቀኑ ካሎሪ ከ7 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል። ልጄ በቀን ወደ 2400 ካሎሪ ይበላል፤ 7 በመቶው ሲሰላ 18 ግራም ገደማ ነው። 18 ግራም ምን ማለት እንደሆነ በቃል አላስረዳችንም። «ወጥ ቤት ሂዱና የምትበሉትን አምጡ» አለች።

ጠረጴዛው ላይ ቅቤ፣ የወይራ ዘይት፣ ወተትና ልጄ በየቀኑ የሚይዘው ብስኩት ተደረደሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 7 ግራም ሳቹሬትድ ስብ አለው። ያው አንድ ማንኪያ የወይራ ዘይት 2 ግራም ብቻ። ስቡ ያልወጣለት አንድ ኩባያ ወተት ወደ 4.5 ግራም፤ ስቡ የተቀነሰለት 1.5 ግራም። የኮኮናት ዘይትም መደርደሪያችን ላይ ነበር። ባለቤቴ ለጤና ጥሩ ነው ተብላ የገዛችው ነው። ከአሥር እጅ ከስምንት እጅ በላይ ሳቹሬትድ ስብ ነው፤ ከቅቤም ይብሳል። ባለቤቴ ጠርሙሱን አነሳችና ጀርባውን አንብባ ዝም ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለፀጉሯ ነው የምትጠቀምበት።

ብስኩቱ ግን ከሁሉም ያናደደኝ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተጽፏል። እውነት ነው፤ ከዕፅዋት የተሠራ ምግብ ኮሌስትሮል የለውም። ልጄ ጥቅሉን አዙሮ ትንንሾቹን ፊደላት ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው ንጥረ ነገር የፓልም ዘይት ነው። ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ የሆነ ዘይት ነው። በጣቱ እየቆጠረ በአንድ ጥቅል ስንት ግራም እንደሚገባ አሰላ። ዘጠኝ። «በየቀኑ ሁለት እኮ ነው የምበላው» አለ ቀስ ብሎ። ማንም አልተቆጣውም። ባለሙያዋም ዝም አለች። ጥቅሉን ራሱ ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ሁለተኛ አልገዛም። እኔ «ተው» ብለው ኖሮ ደብቆ ይበላው ነበር።

ስለ እንቁላል ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንድ ትልቅ እንቁላል 186 ሚሊግራም ገደማ ኮሌስትሮል አለው። ሳቹሬትድ ስቡ ግን 1.6 ግራም ብቻ ነው። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ጉበት ራሱ ነው፤ ከምግብ የሚገባው በብዙ ሰው ላይ ከሳቹሬትድ ስብ ያነሰ ለውጥ ያመጣል። እሷ በሳምንት አራት እንቁላል ፈቀደችለት፣ በቅቤ ሳይሆን በወይራ ዘይት እንዲጠበስ። በፊት ጠዋት ጠዋት ሁለት እንቁላል በቅቤ፣ ከጎኑ ቋሊማ ነበር። ቋሊማው ቀረ። አላለቀሰም።

ይህ ክትትል ከሌላው የሚለይበት ነገር ይኸውና፦ ከማውጣት ይልቅ በመጨመር ነው የጀመረው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ነገር ጨመረች። መጀመሪያ አጃ፣ ቀጥሎ ጥራጥሬ፣ ከዚያ ለውዝ፣ ከዚያ ዓሣ። አዲስ ነገር ሲገባ አሮጌው ቦታ እያጣ ይወጣል። በቀን አንድ እፍኝ ጨው የሌለው ለውዝ ሲበላ ቺፕስ የሚያምርበት ሰዓት ያልፋል። በሳምንት ሁለት ቀን ዓሣ ከገባ ሁለት ቀን በርገር ቀረ ማለት ነው።

አጃው በቀላሉ አልገባም። አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) አለ። በቀን 3 ግራም ሲገኝ ኤልዲኤልን እንደሚቀንስ በደንብ ተረጋግጧል፤ አሜሪካ የምግብ አምራቾች ይህን ጥቅሉ ላይ እንዲጽፉ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። 3 ግራሙን ለማግኘት 75 ግራም ያህል ደረቅ አጃ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ቀን እኔ ነኝ የሠራሁት። በውኃ ብቻ፣ ብዙ ቀቅዬ። ማንኪያውን ሳነሳው ሳህኑ አብሮ ተነሳ። ልጄ ሁለት ጊዜ ጎርሶ «ይቅርታ አባዬ» ብሎ ገፋው። ሁለተኛው ሙከራም አልሆነም። ሦስተኛውን ራሱ ሠራው፤ ማታ ስቡ በተቀነሰ እርጎ ውስጥ ነክሮ ፍሪጅ አስገባው፣ ጠዋት ሙዝ ከተፈበትና ቀረፋ ነሰነሰበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ስድስት ቀን ይበላዋል። ፎቶውን ሲልክላት «ከእኔ ቁርስ ይሻላል» ብላ መለሰችለት። ያን መልእክት ለእህቱ አሳያት።

ጥራጥሬው ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ጥሩ ናቸው ሲባል በአንድ ሳምንት ውስጥ ምሳም እራትም አደረግኩት። ልጁ ሆዱ ተነፋ። ክፍል ውስጥ ተቸገረ፤ በዚህ ዕድሜ ያ ምን እንደሚመስል አስቡት። ሳምንት ሙሉ ጥራጥሬ አልነካም አለ። ባለሙያዋ መጀመሪያውኑ «በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከግማሽ ኩባያ ጀምሩ» ብላ ነበር። አሰር በዝግታ ነው የሚጨመረው፤ ከውኃ ጋር ነው የሚጨመረው። እንደገና ከትንሽ ጀመርን፤ አሁን በሳምንት አምስት ቀን ያለ ችግር ይበላል። አንድ ልጅ ቢያንስ ማግኘት ያለበት የአሰር መጠን ዕድሜው ላይ 5 ተደምሮ ነው፤ የሱ 20 ግራም ይመጣል።

በአራተኛው ቀጠሮ ሲሊየም ጨመረች፣ ሐኪሙን አስፈቅዳ። የአንድ ተክል ፍሬ ገለባ ነው፤ በዱቄት መልክ ይሸጣል። ልጄ የመጀመሪያውን ቀን ብርጭቆ ውስጥ በጠበጠውና ስልክ መጣለት። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሲመለስ ብርጭቆውን ገለበጠው፤ የሚፈስ ነገር የለም። እንደ ጄሊ ረግቷል። እየሳቀ ቪዲዮ ቀርጾ ላከላት። እሷም «ሆድህ ውስጥ የሚሠራው ይህንኑ ነው» አለችው። ጉበት ሐሞት የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ያ ጄሊ ሐሞቱን ይዞ ይወጣል። ጉበት ሌላ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮል ይፈልጋልና ከደም ውስጥ ኤልዲኤልን ይጎትታል። ልጄ ይህን ከሰማ በኋላ ብርጭቆውን አስታውሼው አላውቅም። ከ3 ግራም ጀምረን ቀስ ብለን ወደ 10 ደረስን። ከ12 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች የሚመከረው 12 ግራም ነው። ሁለት ነገር አትርሱ፦ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ወዲያው ይጠጣል፤ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ሰዓቱ መራራቅ አለበት።

የዕፅዋት ስቴሮል (ኮሌስትሮልን የሚመስል የተክል ንጥረ ነገር) የገባበትን የዳቦ ቅባትም ሞክረናል። በቀን 2 ግራም ስቴሮል ኤልዲኤልን ከ8 እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ልጄ ጣዕሙን አልወደደውም፤ ባለሙያዋም አልገፋችም። ትተነዋል።

አንድ ዘመድ ደግሞ «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ የቀይ እርሾ ሩዝ እንክብል ላከልን። ከልቡ ነው፤ አመስግነነዋል። ባለሙያዋ ፎቶውን ስታይ ያኔውኑ ደወለች። ከቀጠሮ ውጪ የደወለችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በውስጡ ያለው ሞናኮሊን ኬ ሎቫስታቲን ከሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር አንድ ነው። ማለትም ልጄ በየጥቅሉ መጠኑ የሚለያይ መድኃኒት ያለ ሐኪም ሊወስድ ነበር። እባካችሁ ለልጅ አትስጡ።

ቅሬታዬን ልናገር። ከባለሙያዋ ጋር አብሮ የሚመጣው የስልክ መተግበሪያ ለልጅ የተሠራ አይደለም። ምግቡን ፎቶ ሲያነሳ በራሱ ካሎሪ ይቆጥራል፤ ከበዛ ቀይ ምልክት ያሳያል። ልጄ የሰውነት ክብደት መቀነስ የማያስፈልገው ልጅ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን እራት ላይ ሳህኑን ወደ ጎን አድርጎ «ዛሬ ቀይ ነኝ» አለ። ደነገጥኩ። በዚህ ዕድሜ ከምግብ ጋር መጣላት ከኮሌስትሮል የበለጠ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ለባለሙያዋ ነገርኳት፤ በዚያው ቀን ቆጠራውን በሷ በኩል ዘጋችው። የ18 ግራሙን ስሌት እንኳ ከሦስት ሳምንት በኋላ አስተወችው፤ «ዓይንህ ለምዷል፣ ይበቃል» አለችው። እሷ ጥሩ አደረገች። ድርጅቱ ግን ይህን ለታዳጊዎች ከመጀመሪያው መዝጋት ነበረበት። ሌላ ቤተሰብ ላያስተውለው ይችላል።

በጽሑፍ ለሚጠየቅ ጥያቄም መልሱ ይዘገያል። ሆዱ የተነፋ ጊዜ ሦስት ቀን ጠብቀናል። አምስተኛው ቀጠሮ ላይ ደግሞ ሌላ ባለሙያ ተተክታ መጣች፤ ማኅደሩን አላነበበችም፤ ልጄን ከሀ ጀምራ ጠየቀችው። 25 ደቂቃው እዚያው አለቀ። ከ5 ብትጠይቁኝ 4 እሰጣለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ለዚህና ለመተግበሪያው ነው።

ቤት ውስጥ የተለየ ድስት የለም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቃናለች፤ ለሱ ብቻ የሚሠራ ምግብ ካለ ልጁ በሽተኛ ነኝ ብሎ ይቀመጣል። ሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የምንበላው። የዶሮው ቆዳ ለሁላችንም ይነሳል። ቅቤው ከጠረጴዛ ወርዷል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ብቻ ለጥቂት ቀናት አኮረፈች፤ አሁን የአጃውን ሙዝ የምትከትፈው እሷ ናት።

ውጤቱ እንዲህ ነው። በሦስተኛው ወር ኤልዲኤሉ 141። ልጄ ከፋው፤ ያን ሁሉ ሠርቶ ከ130 በታች አለመውረዱ። ባለሙያዋ «ምግብ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ አቅጣጫው ወደ ታች ነው» አለችው። በስድስተኛው ወር 129። ጠቅላላው 199፣ ኤችዲኤሉ 53፣ ትራይግሊሰራይዱ 85። ድንበር ላይ ነው እንጂ ሙሉ በሙሉ ደህና አይደለም። ሐኪማችንም አንድ እውነት ጨምሮ ነገረን፦ በጉርምስና ዕድሜ ኮሌስትሮል በራሱ ዝቅ የማለት ጠባይ አለው። ስለዚህ ከወረደው ውስጥ የተወሰነው የዕድገቱ ሊሆን ይችላል። ይህን የነገረን ሐኪም ስለሆነ አከበርኩት። በእነዚህ ወራት ቁመቱ ሦስት ሴንቲሜትር ጨምሯል፤ ክብደቱም አብሮ ሄዷል። ባለሙያዋ በየወሩ የዕድገት ሰንጠረዡ ላይ ነጥብ ታደርግ ነበር። ክትትል ስትመርጡ ይህን መጠየቅ አለባችሁ፦ የልጄን ዕድገት ትከታተላላችሁ ወይ? ካልሆነ ሌላ ፈልጉ።

የልጃችሁ ኤልዲኤል 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በቪዲዮ አትጀምሩ። ቀጥታ የልጆች ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ምግቡ ከዚያ በኋላ ከጎን ይሠራበታል። ከምግብ ጋር ከዚህ በፊት ተጣልቶ የሚያውቅ ልጅ ካላችሁም እንዲሁ።

ባለፈው አርብ ከጨዋታ በኋላ ደወለልኝ፤ ጓደኞቹ ጋ ሊቆይ ነው። ፒዛ ነው። «ዛሬ አትክልት የበዛበትን አዝዣለሁ፣ አይብ ግማሽ» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው። እኔ በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ልጆች ከ9 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ቢመረመሩ ይመከራልና ለትንሿም ቀጠሮ ይዘናል። የሷ ማክሰኞ ነው፤ የሱ ቀጣይ ምርመራ ከስድስት ወር በኋላ።